የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ለልጅ ልጅ ማቆየት፦ ከስሙ እንጀምር

ፎቶግራፉ ከመዳፌ አይበልጥም። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ዳር ዳሩን የከበበው ነጭ ወደ ቢጫ ዞሯል። ሰባት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ስድስቱ ካሜራውን ሲያዩ ከግራ ሦስተኛዋ ሴት ብቻ አጠገቧ ወዳለው ልጅ አጎንብሳለች። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ከሠርጉ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል።

የማን ሠርግ? የጻፈው ሰው ይህን መግለጽ አላስፈለገውም፤ በዚያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረምና። ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከሰባቱ የሦስቱን ስም አውቃለሁ። የቀሩትን ሊነግሩኝ ይችሉ የነበሩት የአባቴ አክስት፣ እኔ «ጊዜ ሳገኝ እጠይቃቸዋለሁ» እያልኩ ዓመታት ሲያልፉ፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወረቀቱ ግን ምንም አልሆነም። በደንብ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ደረቅና ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመት መሻገር አይቸግረውም። ለዚህ ነው አሮጌ ፎቶግራፎችን ላድን ብሎ የተነሣ ሰው በመጀመሪያ ስካነር ፍለጋ ሲሮጥ ሳይ ልቤ የሚጨነቀው። ስካነሩ ለሚቀጥለው ዓመትም አይጠፋም። በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች ለይተው የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ስለማግኘታችን ግን ማንም ዋስትና አይሰጠንም። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተልም ከዚሁ የመነጨ ነው።

1. ሰብስቡ፣ ነገር ግን አትደባልቁ

ፎቶግራፎች በአልበም ውስጥ ብቻ አይቀመጡም። በመጽሐፍ ገጾች መካከል፣ በአሮጌ ቦርሳ፣ በደብዳቤ ፖስታ፣ በግድግዳ ክፈፍ ጀርባ ከሌላ ፎቶግራፍ ሥር ተደብቀው ይገኛሉ። ኔጌቲቮችንም፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይባቸውን የፊልም ቁራጮች፣ ፈልጉ። ብዙ ቤተሰብ ፎቶው ከታጠበ በኋላ ኔጌቲቩን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል፤ በእውነቱ ግን ዋናው እሱ ነው፣ ወረቀቱ ቅጂ ነው።

ያገኛችሁትን ሁሉ ወዲያውኑ አንድ ክምር አታድርጉት። ከማን ቤት፣ ከየትኛው ሣጥን፣ ከየትኛው ፖስታ እንደመጣ የሚናገረው ቅደም ተከተሉ ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው ከአንድ የታወቀ ጉዞ ፎቶግራፎች መካከል ከተገኘ ግማሹ መልስ ተገኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ አንድም ፎቶ ከቦታው ሳይነሣ አልበሙን ገጽ በገጽ በስልካችሁ አንሡት፤ ፖስታዎቹንም ከነጽሑፋቸው። ከዚያ በየምንጩ ለይታችሁ አስቀምጡ።

የምትሠሩበት ጠረጴዛ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ነጭ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት አንጥፉበት። የሚጠጣ ነገር አይቅረብ፤ እስክሪብቶም ከጠረጴዛው ይውረድ፣ እርሳስ ብቻ ይቅር። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ፤ ቅባት አትቀቡ። ፎቶግራፍን ምንጊዜም በጠርዙ ያዙ። የጣት ላብና ቅባት መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ግን አሻራው ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ለኔጌቲቮችና በመስታወት ላይ ለተሠሩ ምስሎች ስስ የናይትሪል ጓንት ቢኖር መልካም ነው።

በዚህ ጊዜ ሦስት ዓይነት ፎቶግራፎችን ለብቻቸው ለዩ፦ ሻጋታ የያዛቸውን፣ እርስ በእርስ ወይም ከመስታወት ጋር የተጣበቁትን፣ እንዲሁም ሲሸተቱ የኮምጣጤ ሽታ ያላቸውን ኔጌቲቮች። የሚያስከትሉትን ችግር ወደ ጤነኞቹ ስለሚያዛምቱ በተለይ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሣጥን አይቀመጡ።

2. ስሙን ያዙ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ክፍያው የሚበልጠው ይህ ነው፤ ወጪው ደግሞ ትዕግሥት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ተራ ቁጥር ስጡ። 0001 ብላችሁ ጀምሩ። ቁጥሩ በፎቶው ጀርባ፣ በደብተሩ፣ በኋላም በኮምፒውተሩ ፋይል ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለውና ገጹ የማይገነጠል ይሁን።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂዱ። ሁለት መቶ ፎቶ ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ ሃያ ይበቃል። ከሰዓት በላይ አትቀመጡ፤ ትዝታ ያደክማል፣ የሞቱ ሰዎችን ፊት ማየት ደግሞ ከዚያ በላይ ያደክማል። ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን በስልክ ቅረጹ፤ አንድ ፎቶ በተነሣ ቁጥርም ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ቁጥር 23» የሚል ድምፅ ከሌለ ከዓመት በኋላ ቅጂውን ስትሰሙ «ይቺማ እሷ ናት፣ ያኔ ገና ልጅ ሳለች» የሚለው ንግግር ስለማን እንደሆነ አታውቁም።

«ይህ ማን ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ስም ሲጠየቅ ይጨነቃል፤ የረሳ እንደሆነ ያፍራል፣ ዝም ይላል። ይልቅ «ይህ የማን ቤት ነው?»፣ «ፎቶውን ያነሣው ማን ነበር?»፣ «ይህን ልብስ ማን ሰፋው?»፣ «ከዚህ በኋላ የት ሄዳችሁ?» በሉ። ስሙ ታሪኩን ተከትሎ ራሱ ይመጣል። ፎቶ ያነሣውን ሰው መጠየቅ በተለይ አይዘለል፤ በአልበሙ ሁሉ ውስጥ አንዴም የማይታየው፣ ሁሉንም ያየው እሱ ነውና።

ስትጽፉ ሙሉ ስም ከነአባት ስም ጻፉ። «እማዬ»፣ «አያቴ»፣ «ጋሼ» አይበቃም። የዛሬው «አያቴ» የነገው ቅድመ አያት ነው፤ የጻፈው ሰው ሲሄድ ቃሉ ባለቤት ያጣል። የቤት ስም ካለም ከሙሉ ስሙ ቀጥሎ ይመዝገብ፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚታወሰው በእሱ ነው። ቆመው ላሉ ብዙ ሰዎች «ከግራ ወደ ቀኝ፣ የኋላው ረድፍ» እያላችሁ ጻፉ። ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ አስፍሩ። የተረጋገጠውንና የተገመተውንም ለዩ፤ «ይመስላል» የምትል አንዲት ቃል የሚቀጥለውን መርማሪ ከስሕተት ትጠብቀዋለች። ሁለት ዘመዶች ባይስማሙ ዳኛ አትሁኑ፤ የሁለቱንም ቃል፣ ማን እንዳለው ጠቅሳችሁ ጻፉ።

ፎቶግራፉ ራሱም ይናገራል። በጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም የወረቀቱ ፋብሪካ ምልክት ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታተሙ ብዙ ፎቶግራፎች ነጭ ጠርዝ ላይ ወርና ዓመት በትንሹ ታትሞ ይገኛል። ይህ ግን የታጠበበት እንጂ የተነሣበት ቀን አይደለም፤ ፊልም በካሜራ ውስጥ ወራት የሚቆይበት ጊዜ ነበር።

በጀርባው ላይ ስለመጻፍ ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ጉዳት ሲደርስ አይቻለሁ። እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ጫፉ ወረቀቱን ሰርጎ ከፊት በኩል መስመር ያወጣል፤ ቀለሙም በዓመታት ውስጥ ወደ ምስሉ ይሰርጋል፣ ከላዩ የተደረበውን ፎቶም ያቆሽሻል። ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይም ከዚያ የለሰለሰ፣ ይዛችሁ ፎቶውን ንጹሕና ጠንካራ ነገር ላይ በደረቱ አስተኙት፤ ሳትጫኑ፣ ከምስሉ መሐል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት እርሳስ አይቀበልም። ለእሱ ቁጥሩን በሚያስቀምጡበት ፖስታ ላይ ጻፉት፤ ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት።

3. ምን እንደሚያጠፋቸው እወቁ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማለት በጄላቲን ውስጥ የተበተነ የብር ቅንጣት ነው። ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ ይሠራል፤ ስለዚህ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ለሻጋታና ለነፍሳትም ምግብ ይሆናል። ብሩ ደግሞ በአየር ውስጥ ባሉ ጋዞች ቀስ በቀስ ይለወጣል። አሮጌ ፎቶን ዘንበል አድርጋችሁ በብርሃን ስታዩት በጥቁሩ ቦታ፣ በተለይ በጠርዙ፣ ሰማያዊ የሚመስል የመስታወት ብልጭታ ካያችሁ ብሩ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። አትጥረጉት። ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሚታጠብበት ቀን የቀረ ኬሚካል ነው።

የቀለም ፎቶግራፍ ነገር ሌላ ነው። ምስሉ የተሠራው ከሦስት የቀለም ንብርብሮች ሲሆን እነዚህ ቀለሞች በጨለማ ውስጥም ቢቀመጡ ይደበዝዛሉ፤ ሦስቱም በእኩል ፍጥነት አይደበዝዙም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተሙ ብዙ የቀለም ፎቶዎችን ዛሬ ቀይ መስለው የምናገኛቸው ሳያን የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም፦ ከአያት ዘመን ጥቁርና ነጭ ይልቅ የወላጆቻችን ዘመን የቀለም ፎቶ የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ቅጂ ስትጀምሩ ከቀለሞቹ ጀምሩ።

4. ከመጥፎ አልበምና ከክፈፍ ማውጣት

ገጹ የሚያጣብቅ፣ በላዩ ግልጽ ፕላስቲክ የሚገለጥ አልበም በብዙ ቤት አለ። ፎቶን ያለ ሙጫ ስለሚይዝ ሁሉም ወደደው፤ ሙጫው ግን እዚያው ገጹ ላይ ነበር፤ በዓመታት ውስጥ ይጠነክራል፣ ወደ ፎቶው ጀርባም ይገባል። በቀላሉ የሚነሡትን አንሡ። የማይነሣውን በጣት አትጎትቱ፤ ይታጠፍና ምስሉ ይሰነጠቃል። ቅባት ወይም ማጣፈጫ ያልተቀባ የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ጥግ ሥር አስገብታችሁ፣ ከገጹ ጋር አስተካክላችሁ፣ እንደ መጋዝ በዝግታ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። ክሩ ከተያዘ አቁሙ። ያ ፎቶ ከገጹ ጋር ይቅር፤ ገጹን እንዳለ ስካን አድርጉት። ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ እናሙቀው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ሙቀቱ ለጄላቲኑም ይደርሰዋል።

ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ሲያጋጥማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ አልሰበሰብኩም። የወንድ አያቴ ብቸኛ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለዓመታት በክፈፍ ተሰቅሎ ኖሯል፤ በአንዱ ጥግ እርጥበት ገብቶ ነበር። ክፈፉን ፈትቼ ፎቶውን ከመስታወቱ ለመለየት ጥጉን ይዤ ሳብኩ። ትንሽ የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱን ወደ ብርሃን ሳነሣው የአያቴ ቀኝ ጉንጭ እና የኮቱ አንገትጌ እዚያ ላይ ነበሩ፤ በወረቀቱ ላይ በእነሱ ቦታ ነጭ ቀርቷል። ያ ወረቀት ዛሬም አለ፤ መስታወቱም እንዲሁ፤ ሁለቱ ግን ዳግም አንድ አይሆኑም። እርጥበት የነካው ጄላቲን መስታወት ላይ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ማድረግ የነበረብኝ መስታወቱን ከፊት በኩል ማጽዳት፣ ፎቶውን ከነመስታወቱ ስካን ማድረግ ወይም በካሜራ ማንሣት፣ ከዚያ እንዳለ ማስቀመጥ ነበር።

እርስ በእርስ ለተጣበቁ ፎቶዎች፣ ፕላስተር ለተለጠፈባቸው፣ ተሰንጥቀው ለሚፈረፈሩም ይኸው ሕግ ይሠራል፦ አስቀምጡ፣ ቅጂ ውሰዱ፣ ጠጋኝ ባለሙያ እስኪገኝ ጠብቁ። የወረቀት ማያያዣ፣ ስቴፕልና ላስቲክ ግን ዛሬውኑ ይውጡ፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል።

5. ማጽዳት

አጭር ነው፤ ብዙ ባታደርጉ ይሻላል። ለስላሳ፣ ንጹሕ ብሩሽ ይዛችሁ ከመሐል ወደ ጠርዝ አቧራውን ቀስ ብላችሁ አራግፉ። ውኃ፣ አልኮል፣ የመስታወት ማጽጃ፣ ምራቅ፣ ዘይት አይነካው። ሻጋታ ያለበትን ፎቶ መጀመሪያ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ፣ ከፀሐይ ውጭ፣ አድርቁት። ደርቆ ዱቄት ሲሆን አፍና አፍንጫን በጭምብል ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ በብሩሽ አራግፉ። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይላቆጣል፣ ወደ ምስሉም ይገባል።

6. ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

ጠፍጣፋ ስካነር ካገኛችሁ ለወረቀት ፎቶ እሱን የሚያህል የለም። ወረቀቱን በጎማ ተሽከርካሪ መካከል የሚስብ ስካነር ግን ለአሮጌ ፎቶ አይሆንም፤ ያጥፈዋል፣ ይፍቀዋል። መስታወቱን በየጥቂት ፎቶው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ።

የጥራት መጠኑን ለተለመደው ፎቶ በአንድ ኢንች 600 ፒክስል አድርጉት። አሥር በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ መጠን 2,400 በ3,600 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ወደ 8.6 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው፤ ሁለት እጥፍ አሳድጎ ለማተምም ይበቃል። ጉርድ ፎቶና ከእሱ ያነሰውን በ1,200 ውሰዱ። ኔጌቲቭ ትንሽ ስለሆነ ቢያንስ 2,400 ያስፈልገዋል፤ ፊልም የሚያነብ ብርሃን ያለው ስካነርም ይፈልጋል። ከዚህ በላይ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ የወረቀቱን ቅንጣት እንጂ አዲስ ዝርዝር አያመጣም።

ጥቁርና ነጩንም በቀለም ስካን አድርጉት። የወረቀቱ ቢጫነት፣ የእርሳሱ ጽሑፍ፣ የማኅተሙ ቀለም ሁሉ መረጃ ነው፤ ከጠፋ በኋላ አይመለስም፤ ቀለሙን ማንሣት ግን በማንኛውም ጊዜ ይቻላል። ስካነሩ በራሱ «ላሳምር» የሚልባቸውን ምርጫዎች ሁሉ ዝጉ። ጀርባው ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ካለች ጀርባውንም ስካን አድርጉ።

ዋናውን ቅጂ ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ጄፔግ (JPEG) መጠኑን ለማሳነስ ከምስሉ መረጃ ይቀንሳል፤ እየተስተካከለ በተቀመጠ ቁጥርም ይብስበታል። ከላይ የጠቀስኩት ፎቶ በቲፍ 26 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ እንዲህ ያለ አንድ ሺህ ፎቶ 26 ጊጋባይት ነው፤ ዛሬ ትንሽ ፍላሽ የሚችለው ሸክም ነው። የቲፉን ፋይል አትንኩት። ለዘመድ የሚላከውን፣ የሚቆረጠውን፣ የሚስተካከለውን ከእሱ በወጣ የጄፔግ ቅጂ ላይ ሥሩ።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል፤ ሳይገለበጥ ከሚቀር ይልቅ በስልክ መገልበጡ እጅግ ይሻላል። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት አጠገብ ፎቶውን ጠፍጣፋ አስተኙ፤ ፍላሹን አጥፉ፤ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ትንሽ ራቅ በሉና ምስሉን በካሜራው ዙም በጥቂቱ አቅርቡት፤ በጣም ሲጠጋ ጠርዙ ይጎብጣል። የሚያብረቀርቅ ፎቶ ላይ የራሳችሁ ጥላና የጣራው ነጸብራቅ ከታየ ከስልኩ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ያዙ። የተነሣውን በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ ወደ ኮምፒውተር አታስተላልፉ፤ አብዛኞቹ ምስሉን ያሳንሱታል። በገመድ አስተላልፉ።

ለፋይሉ የምትሰጡት ስም በደብተሩ ያለው ቁጥር ይሁን፤ 0147፣ ጀርባው ደግሞ «0147 ጀርባ»። የሰዎቹን ስምና ታሪኩን በፋይሉ ውስጥ ባለው የመግለጫ ቦታ አስገቡ፤ አብዛኛው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ይህ ቦታ አለው። ፋይሉ ከፎልደሩ ተለይቶ ሲሄድ መግለጫው አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር በብርቱ ልለምናችሁ። የደበዘዘ ፊት «አጥርተው» የሚያወጡ፣ ጥቁርና ነጩን ቀለም የሚቀቡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች አሉ። ውጤታቸው ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ዓይን ያበራል፣ ቆዳ ይለሰልሳል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የአያታችሁን ዓይን አያውቀውም። ከብዙ ሺህ የሌሎች ሰዎች ዓይን ተምሮ የሚመስለውን ይሥላል። ለደስታ አድርጉት፣ ግን ከፋይሉ ስም ላይ «በኮምፒውተር የተለወጠ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዋናዎቹ ጋርም አትደባልቁት። ካልሆነ የልጅ ልጆቻችን የማያውቁትን ፊት የቤተሰባቸው መልክ ነው ብለው ይወርሳሉ።

7. ወረቀቶቹን ማስቀመጥ

ስካን ተደረገ ብላችሁ ወረቀቱን አትጣሉ። ከፋይሉ ይልቅ ዋናው እሱ ነው፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ የምንመለሰው ወደ እሱ ነው።

እያንዳንዱን ፎቶ አሲድና ሊግኒን (ወረቀትን የሚያቢጭ የእንጨት ንጥረ ነገር) በሌለው የወረቀት ፖስታ ወይም ከፖሊየስተር፣ ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊኢትሊን በተሠራ ግልጽ ከረጢት አስገቡ። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ይቅር፤ ሲከፈት ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ጠርጥሩት። ለፎቶግራፍ ተስማሚነታቸው በተመረመሩ ዕቃዎች ላይ አይ.ኤስ.ኦ 18916 (ISO 18916) የተባለውን ዓለም አቀፍ ፈተና ማለፋቸው ይጻፋል፤ ስትገዙ ይህን ቁጥር ፈልጉ። እርጥበት በሚበዛበት ቦታ የወረቀት ፖስታ ይመረጣል፣ ይተነፍሳልና።

ፖስታዎቹን ልካቸው በሆነ ጠንካራ ሣጥን ደርድሩ፤ አይጨናነቁ፣ ክፍተት በዝቶም አይጎብጡ። ሣጥኑ የሚቀመጠው ሰው በሚኖርበት ክፍል፣ በቁም ሣጥን መሐል መደርደሪያ ላይ ነው። ጣራ ሥር ይሞቃል፣ ምድር ቤት ይረጥባል፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይታሰቡም። ከወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ውኃ ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሰው ወለል ላይ ነው። ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ሙቀት፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሆነ የአየር እርጥበት የሚመከር ነው፤ እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣል። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ገዝታችሁ ሣጥኑ አጠገብ ብታስቀምጡ ግምት አያስፈልጋችሁም።

የኮምጣጤ ሽታ ያለው ኔጌቲቭ የተሠራበት የአሴቴት ፊልም እየፈረሰ ነው፤ የሚያወጣው ትነት የጎረቤቶቹን መፍረስ ያፋጥናል። ለብቻው አውጡትና ቶሎ ስካን አድርጉት። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በፊት የነበረ ኔጌቲቭ ደግሞ ናይትሬት ከተባለ የፊልም ዓይነት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ስለሆነ ከሙቀት አርቁትና ቤተ መዛግብት ወይም ባለሙያ አማክሩ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂ ይሁን። ብርሃን ያደበዘዘው አይመለስም፤ ዛሬ የደረሰው ከትናንቱ ላይ ይደመራል። ዋናው በጨለማ ይረፍ።

8. ፋይሎቹን ማባዛት

የታወቀው ሕግ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ በተለየ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት። እሳትም ጎርፍም ሌባም በአንድ ቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወስዳሉ።

በዓመት አንድ ቀን መርጣችሁ ዲስኩን ክፈቱ፤ ጥቂት ፋይሎችን አውጥታችሁ እዩ። በየአምስት ዓመቱ ወደ አዲስ ዲስክ አዛውሩ። ፍላሽ ለማስተላለፊያ እንጂ ለዓመታት ማቆያ አይደለም። የኢንተርኔት ማከማቻውን የይለፍ ቃል ደግሞ ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ባለቤቱ ሲሞት የተቆለፈ አልበም ከተቃጠለ አልበም አይለይም።

ከሁሉ የሚሻሉትን ሃምሳ ያህል ፎቶዎች መርጣችሁ ከነስማቸው በወረቀት አሳትሙ። ወረቀት መብራት አይፈልግም፣ ፕሮግራም አይፈልግም። በመሳቢያ ውስጥ ያገኘው ሕፃን ይገልጠዋል።

9. ውኃ ሲገባ

ሻጋታ ከ48 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ስለዚህ መሯሯጥ ያስፈልጋል። የረጠቡት ተደራርበው እንዳይደርቁ፤ ከደረቁ ይጣበቃሉ። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ቀስ ብላችሁ ለይታችሁ፣ ጭቃውን ሳታሹ አለቅልቃችሁ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በንጹሕ መጣጭ ወረቀት ላይ አየር ላይ አድርቁ። ፀሐይና ማሞቂያ አይንካቸው። ብዙ ከሆኑና ካልደረሳችሁ በመካከላቸው ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጋችሁ በከረጢት በማቀዝቀዣ በረዶ ክፍል አስቀምጡ፤ በረዶው ጊዜ ይሰጣችኋል። በመስታወትና በብረት ላይ የተሠሩ ጥንታዊ ምስሎች ግን በረዶ አይግቡ።

10. አካፍሉ

ፎቶግራፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲሆን የዚያን ሰው ዕድሜ ያህል ነው የሚቆየው። ቅጂውን ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለአጎት ልጆች ላኩ። ስትልኩ «የቤተሰብ ፎቶዎች» ብላችሁ መቶውን አንድ ላይ አትላኩ፤ አይቶ የሚያልፈው ይበዛል። አንድ በአንድ፣ ከጥያቄ ጋር ላኩ። በቅጂው ላይ ከእያንዳንዱ ሰው ራስ በላይ ቁጥር ጻፉና «4 ቁጥርን የሚያውቅ?» በሉ።

የሰባቱን ሰዎች ፎቶ እንዲሁ አድርጌ ለአሥራ አንድ ዘመዶች ላክሁ። ስምንቱ አላወቁም። ሁለቱ መልስ አልሰጡም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ሩቅ አገር የምትኖር የአጎቴ ልጅ፣ ከእናቷ ሣጥን ያገኘችውን የዚያኑ ፎቶ ሌላ ቅጂ ጀርባ አንሥታ ላከችልኝ። በዚያኛው ላይ ሦስት ስሞች ነበሩ፤ አንዱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፣ ሁለቱ አዲስ ናቸው። ያጎነበሰችው ሴት የአባቴ አያት እኅት ናት፤ ልጁም የመጀመሪያ ልጇ። በደብተሬ 0031 ሥር አምስት ስም ተሞልቷል። ለ2 እና ለ6 ቁጥር ቦታ ትቼላቸዋለሁ።